ስለ «ካሽ ኦን ዲማንድ» ፊልም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ የእንግሊዝ የወንጀል ፊልሞችን ባነሳሁ ቁጥር ሰዎች የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። ርካሽ ከሆነ ምኑ ይታያል? ለምን በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ? የገና ፊልም ነው ወይስ የዝርፊያ? መልሶቹን ብዙ ሰው ችላ ብሎት በቆየውና እኔ ግን በጣም በምወደው በዚህ በ1961 ፊልም ዙሪያ ሰብስቤአቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻውን የሚናገረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እዚያ ስትደርሱ አስጠነቅቃችኋለሁ።

ፊልሙ ስለ ምንድነው?

ዲሴምበር 23 ነው። ለፈረንጆቹ ገና ሁለት ቀን ቀርቷል፣ ውጭው በረዶ ነው፣ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ውስጥ ያለ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ ሊጀምር ነው። ሥራ አስኪያጁ ሃሪ ፎርዳይስ ይባላል። ከሰላምታ በፊት ጉድለት የሚፈልግ፣ ለደንበኛ የተቀመጠችውን ብዕር ጫፍ ሳይቀር የሚመረምር ደረቅ ሰው ነው። ሠራተኞቹ ለገና ትንሽ ግብዣ አስበዋል፤ እሱ ግን አይገኝም።

ከዚያ ኮሎኔል ጎር ሄፕበርን ነኝ የሚል ዘናጭና ሳቂታ ሰው ከኢንሹራንስ ኩባንያ ለቁጥጥር መጣሁ ብሎ ይገባል። ሠራተኞቹ ወዲያው ይወዱታል። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ሲዘጋ ግን ሰውየው ዘራፊ ሆኖ ይገኛል። ስልክ ይደወላል፣ በወዲያኛው ጫፍ የፎርዳይስ ሚስት በፍርሃት ትጮሃለች። ሚስቱና ልጁ ተይዘዋል፤ የታዘዘውን ካላደረገ ያልቅላቸዋል። ስለዚህ ይህ በሕይወቱ አንዲት ሳንቲም ያላጎደለ ሰው የገዛ ባንኩን ካዝና በገዛ እጁ አራግፎ ከ90,000 ፓውንድ በላይ ለሌባ ማስረከብ አለበት፣ ያውም በሩ ማዶ ያሉት ሠራተኞች ምንም ሳይሸታቸው።

እነማን ሠሩት?

አዘጋጁ ኩዌንቲን ሎውረንስ ነው። ፕሮዲውሰሩ ማይክል ካሬራስ፣ ካሜራውን የያዘው አርተር ግራንት፣ ሙዚቃው የዊልፍሬድ ጆሴፍስ። ኩባንያው ሃመር ነው፣ አከፋፋዩ የአሜሪካው ኮሎምቢያ። ፎርዳይስን ፒተር ኩሺንግ፣ ኮሎኔሉን አንድሬ ሞሬል፣ ዋናውን ጸሐፊ ፒርሰንን ሪቻርድ ቨርነን ይጫወታሉ።

ታሪኩ መጀመሪያ ለሲኒማ የተጻፈ አልነበረም። በ1960 በእንግሊዝ የንግድ ቴሌቪዥን የቀረበ የዣክ ጊሊስ ድራማ ነው፤ ያኔም ያዘጋጀው ራሱ ሎውረንስ ነው። ሞሬልና ቨርነንም በዚያው ድራማ ላይ ተጫውተዋል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ሁለቱ ሰዎች ገጸ ባሕርያቱን ቀድመው ለብሰዋቸው ስለነበር፣ ኩሺንግ ሲጨመር ሁሉም ነገር የተለማመደና የተጣራ ሆኖ ነው የወጣው። ጊዜና ገንዘብ ለሌለው ፊልም ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ሃመር የድራኩላና የፍራንከንስታይን ኩባንያ አይደለም እንዴ? ይሄ አስፈሪ ፊልም ነው?

አዎ፣ ራሱ ኩባንያው ነው። አይ፣ ደም የሚመጥ የለበትም።

ሃመር የተቋቋመው በ1934 ነው። ስሙ በዓለም የናኘው ግን ከ1957 ጀምሮ የፍራንከንስታይንንና የድራኩላን ታሪክ በቀለም መሥራት ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ያሳለፈው ባብዛኛው ትናንሽ የወንጀል ፊልሞችን እየሠራ ነው፤ አስፈሪዎቹ ገንዘብ ማምጣት ከጀመሩ በኋላም ይህን ሥራ ጨርሶ አልተወውም።

በዚያን ጊዜ ስቱዲዮአቸው ብሬይ ይባል ነበር። በርክሻየር ውስጥ ቴምዝ ወንዝ ዳር ያለ ዳውን ፕሌስ የሚባል ትልቅ አሮጌ መኖሪያ ቤት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገብተው ክፍሎቹን፣ ደረጃዎቹን፣ ግቢውን ሁሉ የፊልም መሥሪያ አደረጉት። አንድ ፊልም ላይ የታየ ግድግዳ ቀለም ተቀብቶ ሌላ ፊልም ላይ ሌላ ቤት ይሆናል። አናጺው፣ መብራት ሠሪው፣ ልብስ ሰፊዋ በየፊልሙ ያው ሰዎች ናቸው። በትንሽ ገንዘብ የተጣራ ሥራ ማውጣት የቻሉበት ምክንያት በአብዛኛው ይኸው ነው፤ የሚተዋወቁ ባለሙያዎች ከዓመት ዓመት አብረው ሲሠሩ ማንም ለማንም ሁለቴ ማስረዳት አያስፈልገውም።

በስንት ብር ተሠራ?

ወደ 37,000 ፓውንድ ገደማ ነው የሚባለው። በታሪኩ ውስጥ ከካዝናው የሚወጣው ገንዘብ ፊልሙ ከፈጀው ከሁለት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ቁጠባው የት እንደገባ ለማየት ዓይናችሁን ብቻ ክፈቱ። ቦታው አንድ ነው። የደንበኞች አዳራሽ፣ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ ወደ ታች የሚወስድ ደረጃ፣ ካዝናው ያለበት ምድር ቤት፣ አለቀ። ውጭው መንገድ ራሱ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው፤ በረዶውም እውነተኛ በረዶ አይደለም። መኪና መባረር የለም፣ ተኩስ የለም፣ የሰው ጋጋታ የለም። ተዋንያኑ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቀለም የለም፣ ጥቁርና ነጭ ነው።

አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ሲያወራ እንዴት ነው ልብ የሚያንጠለጥለው?

ብዙ ሰው ፊልሙን ሳያየው የሚተወው በዚህ ጥርጣሬ ስለሆነ ይህን ጥያቄ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። የፊልሙ ጊዜና የታሪኩ ጊዜ ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸውም። «ከሦስት ቀን በኋላ» ብሎ ማምለጥ የለም። ፎርዳይስ ጠዋት ከገባበት ሰዓት ጀምሮ እናንተም እዚያው ናችሁ፤ እሱ የቀረችውን ደቂቃ ሲቆጥር እናንተም ትቆጥራላችሁ።

ቀጥሎ የቢሮውን በር እዩ። አንድ ተራ የእንጨት በር ነው። ከበሩ ወዲያ ሠራተኞቹ ስለ ገና ያወራሉ፣ ደንበኛ ያስተናግዳሉ። ከበሩ ወዲህ የአንድ ሰው ሕይወት እየፈረሰ ነው። ሠራተኛ ለሥራ ጉዳይ ብቅ ባለ ቁጥር ፎርዳይስ ፊቱን ወደ ዱሮው ፊት መመለስ አለበት። ነገሩ የሚከብደው ደግሞ የዱሮው ፊቱ ኮስታራ መሆኑ ነው፤ ድንገት ደግ ከሆነ ይጠረጠራል። ሚስቱ እየጮኸች ከሰማ በኋላ እንደ ሁልጊዜው ክፉ አለቃ መሆን ይጠበቅበታል። ይህን የመሰለ የጨዋታ ዕድል ለተዋናይ በየቀኑ አይመጣም፣ ኩሺንግም አንዲቷን ፍርፋሪ አላስቀረም።

እጁን ተከታተሉ። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ እንቅስቃሴው በልክ ነው፤ ወረቀት ሲያስተካክል እንኳ ዳርና ዳሩን አጋጥሞ ነው። ቀስ በቀስ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። በመጨረሻ የምታዩት ሰው ልመና የማያውቅ አንደበት ልመና ሲጀምር ነው። ቃላቱ አይመጡለትም፤ «እባክዎ» ማለት እንኳ እንደ ባዕድ ቋንቋ ይከብደዋል።

ሞሬል ደግሞ ተቃራኒው ነው። ድምፁን አያነሳም። በሰው ቢሮ ውስጥ እንደ ቤቱ ይዝናናል፣ የባንኩን አሠራር ያደንቃል፣ ፎርዳይስ ሠራተኞቹን ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቅ እየወቀሰ ይመክረዋል። ሌባ ስለ ሰብአዊነት ሲያስተምር መስማት ያማል፣ ምክንያቱም የሚለው ነገር ልክ ነው። ፎርዳይስ ራሱን ስቶ ሊፈርስ ሲል ደግሞ በጥፊ ያጠናግረዋል፤ ያን ሁሉ ጨዋነት ስታዩ ቆይታችሁ ጥፊዋ ስትመጣ ክው ትላላችሁ። ገንዘብ ቢኖራቸው ምናልባት መኪና ያጋጩ ነበር። እዚህ ያለችው አንዲት ጥፊ ናት፣ እሷም በቂ ናት።

ሁለቱ ተዋንያን ከዚህ በፊት አብረው ሠርተዋል?

አዎ፣ ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። በዲሴምበር 1954 ቢቢሲ የጆርጅ ኦርዌልን «1984» በቀጥታ ሲያስተላልፍ ኩሺንግ ዊንስተን ስሚዝን ተጫውቷል፤ ሞሬል ደግሞ የሚመረምረውንና የሚያሰቃየውን ኦብራየንን። በ1959 ሃመር አንድ የሼርሎክ ሆምስን ታሪክ ሲሠራ ኩሺንግ ሆምስ፣ ሞሬል ዶክተር ዋትሰን ሆነው ቀረቡ። አንዴ አሠቃይና ተሠቃይ፣ አንዴ የልብ ጓደኛሞች ነበሩ ማለት ነው። ያን መተዋወቅ ባንኩ ውስጥ ታዩታላችሁ፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ሌላው የት እንደሚቆርጠው ያውቃል።

ኩሺንግን በኋላ በ1977 በመጀመሪያው «ስታር ዋርስ» ውስጥ ገዥው ታርኪን ሆኖ ያያችሁት ትኖራላችሁ። ቨርነን ደግሞ በ1964 በጀምስ ቦንድ ፊልም ላይ የእንግሊዝ ባንክ ባለሥልጣን ሆኖ ብቅ ይላል። እዚህ የገጠር ቅርንጫፍ ጸሐፊ፣ እዚያ የብሔራዊ ባንክ ኮሎኔል።

«ሁለተኛ ፊልም» ሲባል ምን ማለት ነው?

በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ሲኒማ የገባ ሰው በአንድ ትኬት ብዙ ነገር ያያል። ዜና ይቀርባል፣ አጭር ፊልም ይቀርባል፣ አንድ ሰዓት ገደማ የሚሄድ ትንሽ ፊልም ይቀርባል፣ ከዚያ ዋናው ፊልም። ትንሹ ነው ሁለተኛ ፊልም የሚባለው። ስሙ በማስታወቂያው ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም ሰው እየገባ፣ ወንበር እየፈለገ፣ ኮቱን እያወለቀ ነው የሚያየው።

ታዲያ ማን ይሠራዋል፣ ለምንስ? እዚህ ላይ ሕግ አለበት። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1927 ሲኒማ ቤቶች ከሚያሳዩት ውስጥ የተወሰነው የአገር ውስጥ ሥራ እንዲሆን አስገደደ፣ ምክንያቱም የአሜሪካ ፊልም ገበያውን ጠቅልሎት ነበር። ግዴታው ከጦርነቱ በኋላም ቀጠለ፤ ከ1950 ጀምሮ ለዋና ፊልሞች 30 በመቶ ሆነ፣ ለሚያጅቡትም የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። በዚያው በ1950 ከእያንዳንዱ ትኬት ላይ ትንሽ ገንዘብ ተቀንሶ ለእንግሊዝ ፊልም ሠሪዎች እንዲመለስ ተደረገ። ሐሳቡን ባፈለቀው የገንዘብ ሚኒስቴር ሰው ስም ኢዲ ሌቪ ይባላል። መጀመሪያ በስምምነት ነበር፣ በ1957 ሕግ ሆነ።

ስለዚህ ገበያ አለ፣ ግዴታ አለ፣ ትንሽ ድጎማ አለ። ትርፉ ግን ቀጭን ነው። ማንም ሁለተኛ ፊልም ላይ ብዙ ገንዘብ ቢያፈስ አይመለስለትም፤ ስለዚህ ፈጥነህ ጨርስ፣ አታበላሽ፣ ፊልም ጥሬ ዕቃ አትጨርስ ነው ነገሩ። ከዚህ ውስጥ ብዙ ደካማ ሥራ ወጥቷል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አንዳንዴ ግን ጥሩ ጽሑፍና ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ሲገጣጠሙ እንዲህ ያለ ዕንቁ ይወጣል።

ለምን ያን ያህል የወንጀል ፊልም? ሌላ ታሪክ አልነበራቸውም?

አንዱ ምክንያት ወጪ ነው። የወንጀል ፊልም ቤተ መንግሥት አይጠይቅም፣ የጦር ሠራዊት አይጠይቅም። ዝናብ ኮት፣ ጥቁር መኪና፣ አንድ ቢሮ፣ አንድ ጨለማ ጎዳና ካላችሁ ጀምሩ። ጥቁርና ነጭ ደግሞ ጥላን ይወዳል፤ ጥላ ውስጥ ደካማ ግድግዳ አይታይም።

ሌላው ምክንያት አገሩ ራሱ ነው። ጦርነቱ በ1945 ቢያበቃም የምግብ ራሽን እስከ ጁላይ 1954 ድረስ ቆይቷል። ሥጋ በካርድ፣ ስኳር በካርድ። ከተሞቹ ውስጥ በቦምብ የፈረሱ ቦታዎች ለዓመታት እንደ ክፍት ቁስል ታዩ። ከጓሮ በር ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ከጦር ሠራዊት ጠፍቶ የተደበቀ ወታደር፣ ጦርነት ላይ ጀግና ሆኖ ሰላም ሲመጣ ሥራ ያጣ መኮንን፣ እነዚህ ሁሉ ተመልካቹ በሰፈሩ የሚያውቃቸው ሰዎች ነበሩ። የወንጀል ፊልሞቹ ይህን ሁሉ ያለ ብዙ ሐተታ ያዙት። ኮሎኔል ጎር ሄፕበርንን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ወታደራዊ ማዕረጉ፣ የተማረ አነጋገሩ፣ የታመነ ፊቱ ነው በሩን የሚከፍትለት። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ «ኮሎኔል ነኝ» ያለ ሰው መታወቂያ በጥንቃቄ አይመረመርም ነበር።

ባንክ የሠራ ሰው ቢያየው ይስቃል ወይስ ያምነዋል?

በእኔ አስተያየት ከማንም በላይ የሚጨነቀው ባንክ የሠራ ሰው ነው። ፊልሙ ስለ መሣሪያ ሳይሆን ስለ አሠራር ነው። ቁልፍ ማን ይይዛል፣ ማን ያለ ማን ወደ ካዝና አይወርድም፣ የጎደለ ሒሳብ ለማን ይነገራል። ዘራፊው ይህን ሁሉ አጥንቶ ነው የመጣው፤ ግድግዳ መብሳት አያስፈልገውም፣ ደንቡን ራሱን ነው መሰላል የሚያደርገው። ፎርዳይስ ሰው ሁሉ እንዲፈራውና ጥያቄ እንዳይጠይቀው ያደረገ አለቃ ስለሆነ፣ ሻንጣ ይዞ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ «ምን እየሆነ ነው?» ለማለት የሚደፍር ሠራተኛ ማግኘት ከባድ ነው። ጥብቅነቱ ለሌባው ተመቸ።

እዚህ ላይ የፒርሰንን ነገር ማንሳት አለብኝ። ጠዋት ላይ፣ ኮሎኔሉ ገና ሳይመጣ፣ ፎርዳይስ በአንዲት ተስተካክላ ባለቀች ጥቃቅን የሒሳብ ስህተት ምክንያት ይህን ዕድሜውን በባንክ የገፋ ሰው ሥራህን ታጣለህ ብሎ ያስፈራራዋል። ቨርነን አይጮህም፣ አይመልስም። ቆሞ ይሰማል፤ ፊቱ ላይ ግን የቤት ኪራይ፣ የጡረታ፣ የስም ጉዳይ ሁሉ ያልፋል። ይህ ትዕይንት ስለ ዝርፊያ ምንም አይናገርም፣ ግን እሱ ባይኖር ኋላ የሚመጣው ሁሉ ክብደት አይኖረውም ነበር። አለቃ እንዲህ ያዋረደው ሰው ሁሉ ያን ዝምታ ያውቀዋል።

የገና ፊልም ነው የሚሉት ለምንድነው?

ቀኑ ለገና ስለቀረበ ብቻ አይደለም። ፈረንጆቹ ሁሉ የሚያውቁት አንድ የቆየ የቻርልስ ዲከንስ ታሪክ አለ፤ ስስታምና ልበ ደንዳና አለቃ በገና ሌሊት መናፍስት መጥተው ሕይወቱን እያሳዩት ይለወጣል። ብዙ ተቺዎች ይህን ፊልም ከዚያ ጋር ያያይዙታል፣ ልክም ናቸው። ፎርዳይስ ያው አለቃ ነው፣ ፒርሰን ያው የተጨቆነ ጸሐፊ፣ ኮሎኔሉ ደግሞ በመናፍስቱ ቦታ የመጣ ሌባ ነው። የሚገርመው ፊልሙ ይህን በጆሮአችሁ አይጮህም፤ ሳታስቡት ነው የምትደርሱበት።

ለምን እንግሊዝ ውስጥ ዘግይቶ ወጣ? ርዝመቱስ ለምን ይለያያል?

አሜሪካ ውስጥ በዲሴምበር 1961 ታየ። እንግሊዝ፣ የተሠራበት አገር፣ እስከ ዲሴምበር 1963 ጠበቀ፤ ሲወጣም ሁለተኛ ፊልም ሆኖ ወደ 66 ደቂቃ ገደማ ተቆርጦ ነው። ሙሉው 80 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። መቁረጡ ለፕሮግራም ሰዓት እንዲመች ነው እንጂ ፊልሙ ስለረዘመ አይደለም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሙሉውን ያየ ሰው የሚቆረጥ ነገር አያገኝበትም። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ፊልሙ በጊዜው ተገቢውን ወሬ ሳያገኝ ቀረ።

መጨረሻው ምንድነው? (ያላያችሁ ይህን ዝለሉት)

ቤተሰቡ ፈጽሞ አልተያዘም ነበር። በስልክ የተሰማው የሚስቱ ድምፅ በቴፕ የተቀዳ ማታለያ ነው። ፎርዳይስ ግን ይህን የሚያውቀው ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ለእኔ ትልቁ ትዕይንት ግን ይህ አይደለም። ኮሎኔሉ ገንዘቡን ይዞ ከወጣ በኋላ ሠራተኞቹ ነገሩን ይደርሱበታል፤ ፖሊስ መንገድ ላይ ነው። ፎርዳይስ ጠዋት ላይ ሊያባርራቸው በነበሩ ሰዎች ፊት ቆሞ፣ ለቤተሰቤ ስትሉ ለፖሊስ አትናገሩብኝ ብሎ ይለምናል። ሥልጣኑ ምንም አይረዳውም። ያለው አማራጭ የእነሱ ደግነት ብቻ ነው፤ ያ ደግነት ደግሞ እሱ ያልዘራው ነው። ፒርሰን ሊበቀለው ይችላል፣ ማንም አይፈርድበትም። አይበቀለውም። ቨርነን ውሳኔውን በንግግር ሳይሆን በፊቱ ነው የሚነግራችሁ፤ እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እንባዬ ይመጣል።

ኮሎኔሉ ይያዛል። ፎርዳይስም ራሱ ተባባሪ ነው ተብሎ ለጥቂት ጊዜ ይጠረጠራል፣ ከዚያ ነገሩ ይጠራል።

ድክመት የለውም?

አለው። ፖሊሶቹ ከገቡ በኋላ ነገሩ ትንሽ ይቸኩላል፤ ያን ያህል ጊዜ በትዕግሥት የተገነባ ውጥረት በቶሎ ይፈታል። አንዳንድ ወጣት ሠራተኞች ከስማቸው ያለፈ ነገር አልተጻፈላቸውም። የፎርዳይስ ሚስትም ድምፅና ፎቶግራፍ ያህል ነው ያላት፤ ሰውየው ለምን ከእነሱ ውጭ ማንም እንደሌለው ለመረዳት ትንሽ ተጨማሪ ነገር ብናይ ጥሩ ነበር። ከዚህ ውጭ የምነቅፈው የለኝም።

ከልጆች ጋር ይታያል?

ደም የለም፣ ስድብ የለም፣ እርቃን የለም። የሴትዮዋ ጩኸትና ዛቻው ግን ትናንሽ ልጆችን ሊያስፈራ ይችላል። ታዳጊዎች ካሉ አብራችሁ እዩት።

እንዲህ ያሉ ፊልሞች ለምን ጠፉ?

ቴሌቪዥን። በ1946 የእንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች ከ1.6 ቢሊዮን በላይ ትኬት ቆርጠው ነበር። በ1960 ወደ 500 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። በ1955 የንግድ ቴሌቪዥን ሲጀመር አንድ ሰዓት የሚሆን የወንጀል ታሪክ ለማየት ኮት ለብሶ መውጣት ቀረ፤ ሳሎን ውስጥ በነፃ መጣ። ሲኒማ ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፣ ሁለት ፊልም በአንድ ትኬት የሚባለውም ነገር እየቀረ ሄደ። ሠሪዎቹ ግን ሥራ አልፈቱም። ብዙ አዘጋጆችና ጸሐፊዎች ያን የመፍጠንና የመቆጠብ ችሎታ ይዘው ቴሌቪዥን ገቡ፤ ሎውረንስም ቢሆን አብዛኛውን ሥራውን የሠራው እዚያው ነው።

የትኛውን ቅጂ ልፈልግ?

ሙሉውን ርዝመት። አሜሪካ ውስጥ በ2010 ከሌሎች የሃመር የወንጀል ፊልሞች ጋር በዲቪዲ ወጥቷል፣ ጥራቱም ጥሩ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት ቅጂዎች አንዳንዶቹ የደበዘዙና የተቆረጡ ናቸው። ከመጀመራችሁ በፊት ደቂቃውን ተመልከቱ፤ ከ70 በታች ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ጥላና ብርሃኑ ካልታየ የአርተር ግራንት ልፋት ከንቱ ይሆናል፤ በተለይ ምድር ቤቱ ውስጥ የካዝናው ብረት ዘንግ ጥላ ፎርዳይስን ሲያጥረው ማየት አለባችሁ። ስልኩንም አርቁት፣ አንዴ ዓይናችሁን ካነሳችሁ የሚያመልጣችሁ የፊት እንቅስቃሴ ነው።

ወደድኩት፣ ቀጥሎ ምን ልይ?

ከዚያው ዓመት «ዘ ማን ኢን ዘ ባክ ሲት» የሚለውን ፈልጉ፤ አዘጋጁ ቨርነን ሱዌል ነው። ሁለት ወጣቶች የውርርድ ገንዘብ ሰብሳቢ ይዘርፋሉ፣ የገንዘቡ ቦርሳ ግን ከሰውየው እጅ ጋር በሰንሰለት ታስሯል፣ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሰውየውን በመኪና ይዘው ይንከራተታሉ። አጭር ነው፣ ጨለማ ነው፣ በጣም ርካሽ ነው። ከክፍል ወጥቶ ከተማ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ በ1960 ሃመር ራሱ ማንቸስተር ላይ የቀረጸው «ሄል ኢዝ ኤ ሲቲ» አለ፤ ስታንሊ ቤከር መርማሪውን ይጫወታል፣ ጎዳናውና ጣሪያው ሁሉ እውነተኛ ነው። ተከታታይ የሚወድ ሰው የመርተን ፓርክ ስቱዲዮ ከ1960 ጀምሮ በኤድጋር ዋላስ ታሪኮች ላይ ተመሥርቶ የሠራቸውን ይሞክር። ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ገደማ ናቸው፣ እኩል ጥሩ አይደሉም። ሁለት ሦስቱን አይታችሁ ካልያዟችሁ አትታገሉ፣ ወደ ሱዌል ተመለሱ።